ለ1948 ዓ.ም. ልጅ የትኛው ግጥም ይነበብ?

ጥያቄሽን አሳጥሬ ልድገመው፣ ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን። አባትሽ በ1948 ዓ.ም. ድሬዳዋ ተወለዱ። ዕድሜያቸውን ምድር ባቡር ሠርተው ጡረታ ወጡ፣ ዘንድሮ 70 ይሞላቸዋል። ግጥም ይወዳሉ፣ ፈረንሳይኛም ከሥራ ቦታ ቀርቷቸዋል። በልደታቸው ቀን ልጆቹ ተሰብስባችሁ «አባዬ፣ አንተ በተወለድክበት ዓመት ዓለም ላይ የታተሙት ግጥሞች እነዚህ ናቸው» ብላችሁ ልታነቡላቸው አስባችኋል። ኢንተርኔት ላይ «1948» እና «ግጥም» ብለሽ ስትፈልጊ ቲ. ኤስ. ኤልየት ኖቤል የተሸለመበት ዓመት መጣልሽ፣ ዕዝራ ፓውንድም ተከትሎ መጣ። «በእነዚህ ልጀምር?» ነው ያልሺኝ።

አይ፣ እንዳትጀምሪ! ያ 1948 የፈረንጅ ነው። ኤልየት ሲሸለም እኛ 1941 ላይ ነበርን፣ አባትሽ ሊወለዱ ገና ሰባት ዓመት ይቀራል። አትፈሪ፣ እኔም አንድ ጊዜ ሰው በተሰበሰበበት ሁለቱን አቆጣጠር ቀላቅዬ ካወራሁ በኋላ አንድ ሽማግሌ ከኋላ እጃቸውን አውጥተው «ልጄ፣ በነሐሴ ነው ያልከው፣ የየትኛው አገር ነሐሴ ነው?» ብለው አዳራሹን አሥቀውብኛል።

የአባትሽ 1948 የባተው በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1955 ነው። ያለቀው ደግሞ ጳጉሜን 5፣ ማለትም ሴፕቴምበር 10 ቀን 1956። ስለዚህ የምትፈልጊው ከ1955 መጨረሻው አራት ወር ገደማ፣ ከ1956 ደግሞ አብዛኛው ነው። በ1956 የታተመ መጽሐፍ ካገኘሽ ወደ እሳቸው ቁጠሪው፣ ቅር የሚለው የለም።

እንዲህ ካየነው ጥሩ ዓመት ደርሷቸዋል። እንዲያውም ሀብታም ዓመት ነው።

ግን ካሌንደሩን ካስተካከልን በኋላም አንድ ችግር ይቀራል። «የታተሙ» ብለሻል። እኔ ይቺ ቃል ትንሽ ትጎረብጠኛለች። ግጥም የሚወለድበት ቀንና የሚታተምበት ቀን አንድ ሆኖ አያውቅም፤ በዚያ ዘመን ደግሞ በሁለቱ መካከል አንዳንዴ አንድ ወር፣ አንዳንዴ የሰው ዕድሜ ያህል ይገባ ነበር። የቅኔ ቤት ልጅ ይኼን ማስረዳት አያስፈልገውም። ቅኔ ማኅሌት ላይ ለዚያ ቀን ይዘረፋል፣ ለነገ አይደገምም። በ1948 ዋሸራና ጎንጅ ውስጥ ስንት ቅኔ ተቆጥሮ ይሆን? «የዓመቱ ኅትመት» የሚል ዝርዝር ውስጥ ግን አንዱም አይገባም። አባትሽ በልጅነታቸው ሳይሸመድዱት የማይቀረው የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» እንኳ ሕይወቱ ከወረቀቱ ይልቅ በተማሪው አፍ ላይ ነበር። ስለዚህ ዝርዝሩን ስታዘጋጂ «መቼ ታተመ?» ብቻ ሳይሆን «መቼ ተሰማ? የት ተደብቆ ነበር?» ብለሽም ጠይቂ።

ለምሳሌ የዓመቱን ትልቁን ጩኸት ውሰጂ። አለን ጊንስበርግ «ጩኸት» የሚባለውን ረጅም ግጥሙን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በሰው ፊት ያነበበው ኦክቶበር 7 ቀን 1955 ነው። በእኛ መስከረም 26 ቀን 1948፣ መስቀል በወጣ በዘጠነኛው ቀን ማለት ነው። ቦታው ሲክስ ጋለሪ ይባላል፣ ቀድሞ የመኪና ጋራዥ የነበረ ቤት ነው። መቶ ሃምሳ ያህል ሰው ታጭቋል። ደራሲው ጃክ ኬሩዋክ የወይን ጠጅ መግዣ ሳንቲም ከሰው ለቅሞ ጋሎን ጋሎን እያስመጣ፣ ራሱ ሳያነብ፣ ጓደኛው በሚያነብበት መሃል «በርታ! ቀጥል!» እያለ ይጮኻል። (እኛ አገር አዝማሪ ቤት የሚቀበል ሰው እንደማለት ነው።) ጊንስበርግ 29 ዓመቱ ነው፣ የሚያውቀው እምብዛም ሰው የለም። አንብቦ ሲጨርስ ያለቀሱ ነበሩ።

አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት አንዱ ሎረንስ ፈርሊንጌቲ ነው። ሲቲ ላይትስ የሚባል መጻሕፍት ቤት አለው፣ ከኪስ የሚገቡ ትንንሽ የግጥም መጻሕፍትም ያትማል። ለጊንስበርግ ቴሌግራም ላከለት፣ «የእጅ ጽሑፉ መቼ ይደርሰኛል?» የሚል። መጽሐፉ ግን እጅ የገባው በዓመቱ፣ በ1956 መጸው ነው። በእኛ 1949 ገብቷል! በ75 ሳንቲም ተሸጠ። በ1957 ከማተሚያ ቤቱ፣ ከእንግሊዝ አገር በመርከብ ሲመጣ የአሜሪካ ጉምሩክ 520 ቅጂ ያዘ፣ ቀጥሎ ፖሊስ ፈርሊንጌቲንና የመጽሐፍ ሻጩን በብልግና ጽሑፍ ከሰሰ። ዳኛ ክሌይተን ሆርን በኦክቶበር 1957 ማኅበራዊ ቁም ነገር ያለው ሥራ ነው ብለው ፈረዱ፣ ነገሩ በዚያ አበቃ። ክሱ ደግሞ ነጻ ማስታወቂያ ሆነለት፤ ሳይከሰስ ኖሮ ስንት ሰው ይገዛው ነበር?

እንግዲህ ይሄ ግጥም የ1948 ነው የ1949? በመጽሐፍ ከሄድሽ የአባትሽ አይደለም። በጆሮ ከሄድሽ ግን የእሳቸው ነው።

ቢሆንም «ጩኸት»ን ራሱን በሽማግሌዎች ፊት እንዳታነቢ፣ አደራ። ፖሊስ ያለ ምክንያት አልመጣም። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ግን ለአባትሽ የተጻፈ የሚመስል ሌላ አለ፣ «የሱፍ አበባ ሱትራ» የሚል፣ እሱም በ1955 የተጻፈ። ጊንስበርግና ኬሩዋክ ባቡር ጓሮ፣ ከቆመ ሎኮሞቲቭ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ዙሪያው ዝገትና የተጣለ ብረት ነው። መሃል ላይ አንዲት የደረቀች፣ ጥላሸት የጠጣች ሱፍ በቅላለች። ገጣሚው መጀመሪያ ያዝንላታል፣ ኋላ ይቆጣታል። አበባ መሆንሽን መቼ ረሳሽ? መቼ ነው ራስሽን አሮጌ ሎኮሞቲቭ ነኝ ብለሽ ያመንሽው? ይላታል። ሃሳቡን ነው የነገርኩሽ፣ ቃሉን አይደለም። ሠላሳ ምናምን ዓመት ጥላሸትና ግራሶ ሲያሸት የኖረ ሰው ይቺን ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚመስል እኔም ባይ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ፈረንሳይኛው ልምጣ፣ ለእሳቸው ዋናው ይሄ ነውና። በ1956 ፓሪስ ላይ ሴኔጋላዊው ሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎር አንድ የግጥም መጽሐፍ አሳተመ። ርዕሱ «ኤቲዮፒክ» ነው። አዎ፣ ከእኛ ስም የተወሰደ! ሰው ስነግረው ወዲያው «ስለ ኢትዮጵያ ጻፈ?» ይለኛል። በቀጥታ አይደለም። ቃሉን ከጥንቱ ግሪክ ነው ያነሣው፣ ግሪኮች ፊቱ በፀሐይ የጠቆረውን ሁሉ በሚጠሩበት ትርጉም፣ ጥቁር ሕዝብ በሙሉ ለማለት። እኔ በግሌ በዚህ አልከፋም። ስማችንን ወስዶ ለአህጉሩ ሁሉ አለበሰው፣ እንዲያ ከሆነ ይልበሱት። በኋላ በ1979 ለንግሥተ ሳባ ለብቻዋ ሙሾ ጽፎላታል፣ ስለዚህ ወደ እኛም ሳይዞር አልቀረም።

ሴንጎር ያኔ ገና ፕሬዚዳንት አይደለም። ሴኔጋል ነጻ የወጣችውና እሱ የመራት በ1960 ነው። በ1948 ዓ.ም. እሱ የፈረንሳይ ፓርላማ አባል ነው፣ እስከ ዓመቱ አጋማሽ ድረስም በኤድጋር ፎር መንግሥት ውስጥ ባለሥልጣን ነበር። ቀን ቀን ቅኝ ገዢው መንግሥት ቢሮ ይውላል፣ በጎን ለአፍሪካ ነገሥታት ይዘምራል። አንዳንዱ ይሄን ግብዝነት ይለዋል። እኔ ግን ግጥሙ ውስጥ ያለው ውጥረት የመጣው ከዚያ ነው ባይ ነኝ፤ ሁለት ቦታ የቆመ ሰው እግሩ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ያሳይሻል። «ቻካ» የሚለውን የዙሉን ንጉሥ ድርሰት ካነበብሽ ይገባሻል። ቻካ እየሞተ ነው፤ ገጣሚም መሪም ነበር። ለሥልጣን ሲል የሚወዳትን ገድሏል፣ አሁን ይጠየቃል።

ሌላ የምወድለት ነገር አለ። በብዙዎቹ ግጥሞች ራስጌ ላይ መሣሪያ ያዝዛል። ይሄኛው በኮራ ይባል፣ ያኛው ከበሮ ይመታበት ይላል። ኮራ የምዕራብ አፍሪካ አዝማሪዎች የሚደረድሩት ባለ 21 አውታር መሣሪያ ነው። በመጽሐፉ መጨረሻ ያስገባው ድርሰት ላይም ግጥም ሙሉ የሚሆነው ቃልና ዜማ አንድ ላይ ሲሆን ነው ብሎ ይከራከራል። ለፈረንሳይ ገጣሚዎች ይሄ እንግዳ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ለእኛ ግን የበገና ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ስለዚህ ከወንድሞችሽ አንዱ ክራር የሚነካ ከሆነ ከበስተኋላ ይቀመጥ፣ ሴንጎር አይቀየምም።

ከመጽሐፉ «ለኒው ዮርክ» የሚለውን ምረጪ። መሣሪያው ጃዝ ነው፣ ትረምፔት ለብቻው። መጀመሪያ ከተማዋ በውበቷ ታስፈራዋለች፣ ፎቁ፣ ብርሃኑ፣ ሕፃንና ጡት የሌለበት ማንሃተን። ከዚያ ሃርለም ይገባና ሌሊቱ ሕይወት ይዘራል። መጨረሻ ላይ ለከተማዋ ምክር ይሰጣታል፣ ጥቁሩ ደም በደምሽ ውስጥ ይለፍ፣ የብረት መገጣጠሚያሽን እንደ ዘይት ዝገቱን ያስለቅቅልሽ ይላታል። ለባቡር መካኒክ! እኔማ ይሄን ስጽፍልሽ ለብቻዬ እየሣቅኩ ነው። ይሄን ግን አትተርጉሚው። ፈረንሳይኛውን በትልልቅ ፊደል አትመሽ ስጫቸው፣ ራሳቸው ያንብቡት። ዕድሜ ልክ የሠሩበት ቋንቋ በዚያ ቀን ለደብዳቤና ለቅጽ መሙያ ሳይሆን ለግጥም ይውጣላቸው።

የፈረንሳይኛው አፍሪካ በዚያው ዓመት ሌላም አለው። ዳቪድ ዲዮፕ «ኩ ደ ፒሎን» የምትል ቀጭን መጽሐፍ አወጣ፣ የሙቀጫ ዘነዘና ምት እንደማለት። ብቸኛ መጽሐፉ ነች፣ በ1960 በአውሮፕላን አደጋ ገና በ33 ዓመቱ ሞተ። የማርቲኒኩ ኤሜ ሴዜርም ወደ አገር ቤት ስለመመለስ የጻፈው ረጅም ግጥም የመጨረሻ ቅርጹን ይዞ የታተመው በ1956 ነው። መጀመሪያ በመጽሔት የወጣው በ1939 ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ሲነካካው ኖረ። የቱ ነው እንግዲህ የታተመበት ዓመት?

አሁን ደግሞ ዝም ስለተባለባቸው አገሮች። የካቲት 17 ቀን 1948 ላይ ሁለት ነገር ተከሰተ። ሞስኮ ውስጥ የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቾፍ በዝግ ስብሰባ የስታሊንን ኃጢአት ዘረዘረ። በዚያኑ ዕለት ማታ ኬምብሪጅ ውስጥ ተማሪዎች አንዲት ትንሽ የግጥም መጽሔት ሊመርቁ ሲጨፍሩ ገጣሚዎቹ ሲልቪያ ፕላዝና ቴድ ሂውዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኙ። ሰኔ ላይ ተጋቡ። የሁለቱ ነገር መጨረሻው ክፉ ስለሆነ ለልደት ቀን አላመጣውም፣ አጋጣሚው ስለሚገርመኝ ብቻ ነው።

የሞስኮው ንግግር ግን መሳቢያ ከፈተ። ፖላንዶች ሳንሱር የማያሳልፈውን ነገር መጻፍ «ለመሳቢያ መጻፍ» ይሉታል። ዝቢግኒዬቭ ኸርበርት እንዲያ ሲጽፍ ነው የኖረው፣ ለስታሊን ማጨብጨብ ስላልፈለገ የመጀመሪያ መጽሐፉን ሳያወጣ 31 ዓመት ሞላው። በረዶው መቅለጥ የጀመረው ከንግግሩም ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 1948 አካባቢ ነው፣ አንድ የክራኮቭ ሳምንታዊ ጋዜጣ እሱን ጨምሮ የአምስት አዳዲስ ገጣሚዎችን ሥራ አንድ ላይ አወጣ። በ1956 ደግሞ የብርሃን አውታር የሚል ርዕስ ያለው መጽሐፉ ታተመ። መክፈቻው «ሁለት ጠብታዎች» ነው፣ አጭር ነው። ጫካው እየነደደ፣ ሰው ወደ መጠለያ እየሮጠ፣ ሁለት ፍቅረኞች ተቃቅፈው ቆመዋል። እሳቱ ሲቀርብ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ እስከ መጨረሻውም ታማኝ፣ እንደ ሁለት ጠብታ ፊት ጠርዝ ላይ እንደቆሙ ይቀራሉ። ይሄን ለእናትሽ አንብቢው። ያለ ምክንያት አላልኩም፣ የልደት ቀን ላይ ሁልጊዜ የሚረሳው ሌላው ሰው ነው።

የሩሲያዋ ገጣሚ አና አኽማቶቫ ግን መሳቢያም አልነበራት። ልጇ ታስሮ ሳለ የእስር ቤት በር ላይ ስለቆሙ እናቶች የጻፈችውን «ሬኪዬም» ወረቀት ላይ ማስቀመጥ አደገኛ ስለነበር ለታመነች ጓደኛ በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ታሳያታለች፣ ጓደኛዋ በቃል ትይዘዋለች፣ ወረቀቱ እዚያው ሲጋራ መተርኮሻ ላይ ይቃጠላል።  ልጇ ሌቭ የተፈታው በግንቦት 1956 ነው። ግጥሙ ግን ልጁ ከተፈታ በኋላም አልተፈታም! በ1963 ሙኒክ ታተመ፣ አገሩ የገባው በ1987። በ1948 ዓ.ም. ስለዚህ የዓለም ትልልቅ ግጥሞች አንዱ በጥቂት ሴቶች ጭንቅላት ውስጥ ይኖር ነበር። በየትኛውም የዓመቱ ዝርዝር ውስጥ አታገኚውም። እኔ ብሆን አንድ ሁለት ስንኝ አስገባለታለሁ።

የሃንጋሪው ጁላ ኢዬሽ ትንሽ አልፎብናል፣ በእኛ 1949 ውስጥ ነው። ስለ አምባገነንነት በአንድ ዓረፍተ ነገር የጻፈውን ግጥም በፈረንጅ 1950 ጽፎ ስድስት ዓመት ደብቆ ያዘው። ቡዳፔስት ስታምፅ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1956 በደራስያን ጋዜጣ ላይ ወጣ። በሁለተኛው ቀን የሶቪየት ታንኮች ገቡ፣ ግጥሙም ለአሥርተ ዓመታት ተመልሶ ጠፋ። ቀኑን ወደ እኛ ስመልሰው ጥቅምት 23 መጣብኝ፣ የዘውድ በዓል ቀን። በእኛ በዚያው ቀን ለንጉሡ የተገጠመው ግጥም ምን ዓይነት እንደነበር አባትሽ ባያውቁም አያትሽ ያውቁ ነበር።

የቀረውን ፈጠን ላድርገው። አሜሪካዊቷ ኤሚሊ ዲክንሰን በ1886 ስትሞት በሕይወቷ የታተሙላት አሥር ገደማ ግጥሞች ብቻ ነበሩ። ቶማስ ጆንሰን የተባለ ምሁር 1775ቱን ግጥሞቿን ሁሉ እሷ እንደጻፈችው፣ ከነሰረዙ፣ በሦስት ቅጽ ያሳተመው በ1955 ነው። ከሞተች 69 ዓመት በኋላ! አጫጭር ናቸው፣ ለልጅ ልጆች ድርሻ ይሆናሉ። የኢራኗ ፎሩግ ፋሮኽዛድ ሁለተኛ መጽሐፏን «ግድግዳ»ን በ1956 አወጣች፣ ገና 21 ዓመቷ ነው። «ኃጢአት» የምትል ግጥሟ ቀደም ብላ በመጽሔት ወጥታ ከተማውን አንጫጭታ ነበር፣ ሴት ልጅ ስለ ራሷ ፍላጎት እንዲህ ትጽፋለች ወይ ተብሎ። እሷን የሚፈልግ ኢራናዊም እንደ አንቺ ካሌንደር መቀየር አለበት፣ በእነሱ 1335 ነው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ በኖቬምበር 1955 የፊሊፕ ላርኪን መጽሐፍ ወጣ፣ ባልና ሚስት ከሃል ከተማ አጠገብ ከቤታቸው በሚያሳትሙባት ሚጢጢ ማተሚያ ድርጅት። እዚያ ውስጥ አንድ ብስክሌተኛ ባዶ ቤተ ክርስቲያን ይገባል፣ የሚያወልቀው ባርኔጣ ስለሌለው ለአክብሮት የሱሪውን የብስክሌት መቆንጠጫ ያወልቃል። የማያምን ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ እጁን የት እንደሚያደርግ ሲጠፋው እንዲህ በደንብ የያዘ ግጥም አላየሁም።

በተግባር እንግዲህ፦ ከአምስት በላይ አታብዢ፣ ሰው ኬኩን እያየ ነው የሚሰማሽ። በጊንስበርግ ሱፍ ጀምሪ፣ በአማርኛ፣ ራስሽ ተርጉመሽ፤ ረጅም ስለሆነ ግማሹን ቁረጪ። ከዚያ ኸርበርትን ለእናትሽ። ከዚያ ልጆቹ ዲክንሰንን። አኽማቶቫን ከወረቀት አታንብቢ፣ በቃልሽ ያዢው፣ ለምን እንደሆነም ንገሪያቸው። ሴንጎርን ለመጨረሻ ለአባትሽ ስጫቸው፣ መነጽራቸውን ቀድመሽ አዘጋጂ።

አንድ ነገር ደግሞ ጠይቂልኝ። የተወለዱበትን ወር ያውቁታል? ኅዳር ከሆነ ላርኪንን ጨምሪ፣ የእሳቸው ወር ነው። የዚያ ዘመን ሰው ብዙው ግን «ለጥምቀት ሰሞን» ወይም «ባቡሩ የዘገየ ዕለት» ነው የሚልሽ። እንዲያ ካሉ የመጣውን ጻፊልኝ፣ እኔ ወደ ፈረንጅ ለውጬ የዚያን ሰሞን ግጥም እፈልግልሻለሁ።